ከጀማ አፋፍ እስከ ወፍ ዋሻ ጉም

የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁለት አፋፍ አለው። ከአንዱ ጋር የለሚ ከተማ ሰው አብሮ አድጓል፤ ከከተማዋ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ጥቂት ስትሄዱ የጤፉና የስንዴው ማሳ ድንገት ያልቅና የጀማ ሸለቆ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ሁለተኛው በምሥራቅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ማዶ በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ሁለቱም የአንድ ደጋ ጠርዝ ናቸው። ሆኖም በጀማ በኩል ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ግራርና ሙቀት ነው፤ በአንኮበር በኩል ስትወርዱ ጉም የለበሰ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ለምን? ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ይህን ጥያቄ ይዞ አንድ ቀን በእግር መሄድን የመሰለ ደስታ በሰሜን ሸዋ አላውቅም። መልሱ እየተራመዳችሁ ይገለጥላችኋል፤ መንገዱ ደግሞ ከአበባ መስክ ተነሥቶ ጥንታዊ ጫካ ውስጥ ያስገባል።

ከለሚ እንጀምር፤ የደጋው አሠራር እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነውና። አፋፉ ላይ ቆማችሁ የማዶውን ገደል ብታስተውሉ ድንጋዩ በንብርብር ተደርድሮ ይታያል። ከላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ ገንፍሎ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ሲበርድ የቀረ። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ኖራ ድንጋይ ይከተላል። ኖራ ድንጋዩን የሠራው ባሕር ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ አገር በውኃ ተሸፍኖ ሳለ የዛጎልና የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ታች እየተደለደለ ድንጋይ ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካም እዚህ የቆመው ለሌላ አይደለም፤ ያለ ኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ የለም። በዚሁ ሸለቆ ቁልቁለት ላይ የሃርዉድ ቆቅ የሚባል ወፍ ይኖራል፤ ከጀማና ወደ አባይ ከሚወርዱ መሰል ሸለቆዎች በስተቀር በዓለም ላይ ቤት የለውም። ማለዳ ላይ ከገደሉ ሥር ሲጮህ ከሰማችሁ ብዙ የውጭ አገር ወፍ አጥኚ አገር አቋርጦ የሚመጣለትን ድምፅ ሰማችሁ ማለት ነው።

ለአበባችን ግን ዋናው የላይኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት በዘመናት ሲበሰብስ ጥቁር ሸክላ አፈር ይወጣዋል፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። መረሬ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ የተረፈው ውኃ ከላይ ይተኛል። በጋ ላይ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የጅሩና የእነዋሪ ገበሬ ጠባዩን ስለሚያውቅ ማሳውን በመደብ ከፍ አድርጎ በመደቦቹ መካከል ውኃ መውረጃ ቦይ ያወጣለታል። ረባዳውን ቦታ ግን በሬ አይደፍረውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ረግረግ ነው። ስለዚህ ለሣር ይተዋል፣ ጨፌ ይሆናል። በብዙ ቦታም ሣሩ ለድርቆሽ እስኪደርስ ከብት አይለቀቅበትም። ሦስት ወር ውኃ የጠገበ፣ ማረሻ ያልነካው፣ ከብት ያልረገጠው መሬት ነውና አበባ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ፀሐይ። አበባ ፈክቶ ዘር እንዲይዝ ከሥሩ ውኃ፣ ከላዩ ብርሃን፣ በዙሪያው ደግሞ ብናኝ የሚያመላልስለት ንብና ቢራቢሮ ያሻዋል። ሐምሌ ላይ ውኃው ሞልቷል፤ ሰማዩ ግን ተዘግቷል፣ ንቧም ከቀፎዋ አትወጣም። ኅዳር ላይ ፀሐዩ አለ፤ ውኃው ግን ሸሽቷል፣ በዚያ ላይ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሦስቱ የሚገናኙበት ጊዜ ጠባብ ነው። መስኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢጫ የሚሆነው ሁሉም አበባ በዚያች ጠባብ ጊዜ ዘሩን አብስሎ ለመጨረስ ስለሚሽቀዳደም ነው። ንብ አናቢው የዓመቱን ዋና ማር ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆርጠውም ንቦቹ በእነዚህ ሳምንታት ሲቀስሙ ስለከረሙ ነው።

አሁን አንዲት አደይ አበባ ቀንጥሱና ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ፤ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩልኝ። አንድ አበባ ትመስላለች፤ በእውነቱ ግን ብዙ አበባ በአንድ ግንድ ላይ ተሰብስቦ ነው። ዳር ዳሩን የከበቡት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ዘር ግን አይሰጡም፣ ሥራቸው ከሩቅ መታየትና ንብ መጥራት ነው። መሐል ያለው ክብ ደግሞ እርስ በርስ ተጠጋግተው በቆሙ ደቃቅ ቱቦዎች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ወንዴና ሴቴ ክፍል ያለው ሙሉ አበባ ነው፣ ዘሩንም የሚይዘው እሱ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ በጠርዝ በኩል ያሉት ቱቦዎች ተከፍተው ቢጫ ብናኝ ሲያወጡ የመሐሎቹ ገና እንደተዘጉ ናቸው፤ ከዳር ወደ መሐል ተራ ጠብቀው ይፈካሉ። አንዲት ንብ ስታርፍ እግሯን ሳታነሣ በርካታ አበቦችን አዳርሳ ትሄዳለች። የአዲስ ዓመት ሥዕሎች ሁሉ ላይ ያለችው ይህች አበባ ውስጧ ይህን ያህል ሥራ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ልጆች አብረዋችሁ ካሉ መጀመሪያ ይህን አሳዩዋቸው።

ከአደዩ ጎን መልኩ የሚያሳስት ሌላ ቢጫ አለ፤ መጭ። የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ለማሳው አረም ለንቡ ግን ሲሳይ። አንዱን መለያ ልንገራችሁ፤ የመጭ ዳር ምላሶች እንደ አደይ መካን አይደሉም፣ ዘር ይይዛሉ። ወደ መሬት ዝቅ ስትሉ ደግሞ ማገጥ አለ፤ ሦስት ሦስት ቅጠል፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ ድቡልቡል ራስ። ኢትዮጵያ ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች አሏት፤ በርከት ያሉትም ከዚህ አገር ሌላ የትም አይበቅሉም። አንዱን ከነሥሩ ብትነቅሉት ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል፤ ማገጥ የበዛበት ድርቆሽ የላሚቱን ወተት የሚያበዛው፣ መሬቱንም የሚያለማው ለዚህ ነው። ለስፌት የሚነቀለው አክርማም ከዚሁ መስክ ነው የሚወጣው።

የምንራመድበት መንገድ ግን በምሥራቁ አፋፍ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን አድራችሁ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንኮበር የሚወስደውን የ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብትይዙ ብርዱ ሳይለቅ ሸንተረሩ ላይ ትደርሳላችሁ። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያም ከፍ እያላችሁ 3,000 ሜትርን ታልፋላችሁ። ሸንተረሩ ላይ አንድ ጊዜ ቁሙና ወዲያና ወዲህ ተመልከቱ። በስተምዕራብ የሚወርደው ውኃ በበረሳ በኩል ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ፣ ከአባይ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በስተምሥራቅ የሚወርደው በአይራራ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ እስክንድርያ ሲደርስ ሌላው በረሃ ላይ ይተናል። ቦታውን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

እዚህ ላይ የመስኩ መልክ ይለወጣል። ሣሩ ያጥራል፣ ይጠነክራል፤ በድንጋዩ መካከል ጦስኝ ይነጠፋል። ስትረግጡት ሽታው ከእግራችሁ ሥር ይነሣል። ሰሜን ሸዋ በጦስኝ የታወቀች ናት፤ የደጋው ሰው ለሻይም ለወጥም ይለቅመዋል። ቅጠሉ ይህን ያህል ያነሰው ብርዱንና ንፋሱን ለመቋቋም ነው፤ ሽታውን የሚሰጠው ዘይትም ከሚበሉት ነፍሳት ይጠብቀዋል። ከጦስኙ አልፎ ከታች ቢጫ ከላይ ቀይ የሆነ ቀጥ ያለ ረጅም አበባ ይቆማል። እንቡጡ ቀይ ነው፤ ሲከፈት ቢጫ ይሆናል፤ የሚከፈተውም ከሥር ወደ ላይ ስለሆነ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ቀለም ይታያል። ማሩን የሚቀስሙት ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ናቸው።

ጭላዳዎቹን ማጣት ያስቸግራል። ከፀሐይ መውጫ ጋር ካደሩበት ገደል ወጥተው መስኩ ላይ ይቀመጣሉ፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ያለማቋረጥ ይበላሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዋና ምግቡን ሣር ያደረገ እንስሳ ጭላዳ ብቻ ነው፤ የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ገላ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚበሉ እርስ በርስ ስለ ጤናቸውና ስለ ጉልበታቸው የሚነጋገሩበት ምልክት እንደሆነ አጥኚዎች ያስረዳሉ። በትዕግሥት ከተቀመጣችሁ በጥቂት ርምጃ ርቀት ያልፏችኋል። ምግብ ግን አትስጧቸው፤ አንዴ ከለመዱ ወደ ማሳ ይወርዳሉ፣ ከገበሬው ጋር ይጣላሉ፣ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

የገደሉን አፍ ተከትላችሁ ስትሄዱ ሣር ውስጥ የምትሯሯጥ፣ ጭረት ጭረት ያላት ቡናማ ትንሽ ወፍ ብታዩ አታቃልሏት። የአንኮበር ሴሪን ልትሆን ትችላለች። ጆን አሽ የተባሉ እንግሊዛዊ የአእዋፍ ተመራማሪ በእነዚህ ገደሎች ጫፍ ላይ ያገኟት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1976 ነው፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1979 ነው። ነገሥታት የኖሩበት፣ የአውሮፓ መልእክተኞችና የተፈጥሮ አጥኚዎች ከ1830ዎቹ ጀምሮ የተመላለሱበት አንኮበር ላይ አንዲት ወፍ እስከዚያ ዘመን ሳትታወቅ መቆየቷ ሸንተረሩ ገና ስንት ነገር እንደያዘ ያሳያል። ኋላ ስሜን ተራሮች ላይም ተገኝታለች። በጀማ ቆቁ፣ በአንኮበር ሴሪኗ፤ እያንዳንዱ አፋፍ የራሱን ወፍ ይዟል።

ከፍ ባለው ቦታ ወደ ኩንዲ ተራራ በኩል ጅባራ ይቆማል። ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ያድጋል፤ አንድ ቀን ከመሐሉ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ እልፍ አእላፍ ደቃቅ ዘር ይበትናል፣ ከዚያ ይሞታል። ቆሞ የደረቀ ጅባራ ካያችሁ በሽታ አልገደለውም፤ ሥራውን ጨርሶ ነው። ከሥሩ አስታ ይከተላል። የአስታ ቁጥቋጦ ሲጀምር ወደ ደኑ መግቢያ እንደደረሳችሁ እወቁ።

ያ የመጀመሪያው ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው እዚህ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣው አየር የአፋርን ቆላ አልፎ ከዚህ ግንብ ጋር ይጋጫል፤ ማለፊያ የለውምና ይወጣል። አየር ሲወጣ ይበርዳል፤ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ። ሲበርድ የተሸከመውን እርጥበት መያዝ ያቅተውና ጉም ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ይህን በመኪና አይቶታል፤ ጣልያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ በዚህ በኩል በፀሐይ ገብቶ በዚያ በኩል በጉም መውጣት የተለመደ ነው። ምሥራቁ አፋፍ ክረምቱን ብቻ ሳይሆን በልጉንም ያገኛል፣ ዝናብ በሌለ ቀንም ጉሙ ቅጠል ላይ እየጤዘ ይንጠባጠባል። የጀማ ሸለቆ ግን በደጋው መሐል የሰመጠ ነው። አየር ወደ ውስጡ ሲወርድ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ጉሙ ይበተናል፤ በልጉም በዚያ በኩል የሳሳ ነው። የአንድ ደጋ ሁለት ጠርዞች፣ አንዱ አየር የሚወጣበት ሌላው የሚወርድበት ስለሆኑ፣ አንዱ ደን ሌላው ግራር አበቀሉ።

ወፍ ዋሻ ደን ከአስታው በታች ይጀምርና ወደ ደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ከላይኛው ጫፉ እስከ ታችኛው ከሁለት ሺህ ሜትር ያላነሰ የከፍታ ልዩነት አለው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ቁልቁል የሄደ ሰው ብዙ ደኖችን ያየ ያህል ነው። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ኮሶ ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወድቅ፣ አበባው ከቅርንጫፉ በዘለላ ቁልቁል የሚወርድ ዛፍ ነው። ዘለላው ቀላ ካለ ሴቴ ዛፍ ናት፤ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ከሆነ ወንዴ ነው፤ ኮሶ ሁለቱን ጾታ በአንድ ዛፍ ላይ አይዝም። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የጠጡት የሴቴዋን አበባ ነበር። ወረድ ስትሉ ጽዱ ይጠናል፣ ከዚያ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱና ወይራው ይገባሉ። ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የምታዩት አረንጓዴያማ ግራጫ ክርም ጉሙን የሚጠጣ ሕያው ነገር ነው፤ ሥር የለውም፣ ዛፉንም አይበላም፣ የሚኖረው በአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ በተበከለበት ቦታ አይታይም።

ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ። ከላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚዘልለው ጉሬዛ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ በቅርንጫፍ ላይ የሚሮጥ አረንጓዴ ወፍ ካለ ሶሪት ናት፤ እስክትበር ጠብቁ። ክንፏን ስትዘረጋ ተቀምጣ ያልታየ ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፤ ሶሪትና ዘመዶቿ ከሚበሉት ፍሬ የሚያገኙትን መዳብ ለላባቸው ቀለም ያውሉታል፣ በአእዋፍ ዓለም ይህን ቀለም የሚሠራ ሌላ ወገን የለም። የምኒልክ ድኩላም በዚህ ደን ይኖራል፤ እሱ ግን ሰው ሳያየው ያያል።

ዝናቡና ከፍታው ደኑን አበቀሉት፤ ዕጣው ግን ከሰው ጋር የተሳሰረ ነው። ትውፊቱ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ የመናገሻን ተራራ መልሰው በደን ሲያለብሱ የጽዱ ዘር የተወሰደው ከወፍ ዋሻ ነው ይላል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወጥቶ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚዝናና ሰው በዚህ ታሪክ መሠረት በወፍ ዋሻ ልጆች ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። ኋላም አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መናገሻ ሆና፣ ለቤተ መንግሥት ሠርዌ፣ ለቤተ ክርስቲያን ዓምድ፣ ለስንቱ ምድጃ ማገዶ ብታወጣም፣ የደኑ ዋና ክፍል ከነሕይወቱ ለእኛ ደርሷል። አሁንም መጥረቢያ አልራቀውም። ስትሄዱ ትኩስ ጉቶ ታያላችሁ፣ ከጫካው ጠርዝም ባሕር ዛፍ እየተጠጋ ነው፤ ለእኔ ይህ በጉዞው ላይ የሚከብደኝ ክፍል ነው።

በዚሁ ሸንተረር ወደ ሰሜን፣ መንዝ ውስጥ፣ የጓሳ ሣር ምድር አለ፤ ጥበቃ ሲባል ለእኔ ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ባለርስቶቹ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ያቆያሉ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳሉ፣ ደግሞ ይዘጋሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ በራሱ ኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። የተዘጋ ሣር ለማን እንደሚጠቅም አንድ ጥናት በሚያስገርም መንገድ አሳይቷል፤ እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ። መንጋው ሣሩን ሲያነቃንቅ አይጦቹ ሳይረበሹ አይቀርም። ቀበሮውም የጭላዳ ግልገል እምብዛም አይነካም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር። የመንገዱን ጸጥታ ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ መንገድ መሪም ከዚያው ያዙ፤ ከሸንተረሩ ወደ ደኑ የሚያወርዱት የእግር መንገዶች ብዙ ናቸው፣ ጉም ሲወርድ አሥር ርምጃ አያሳይም። ጫማችሁ ጭቃ የሚይዝ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለቁልቁለቱ ዱላ፣ ለጠዋቱ ጋቢ፣ ለከሰዓቱ የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። ቆሎና ዳቦ ከያዛችሁ እስከ ማታ ያደርሳችኋል፣ ውኃ ግን ከምታስቡት በላይ ያዙ፤ በዚያ ከፍታ ሰው ሳይጠማው ይደርቃል። ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ካመመው ወይም ትንፋሹ ካጠረው ቀስ ይበል። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ደኑ ውስጥ መግባት፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ከታች መውጣት ጥሩ ነው። መኪናው በላይ አራግፏችሁ በደብረ ሲና በኩል ቢጠብቃችሁ ቁልቁሉን ብቻ ትሄዳላችሁ፤ ጉልበት ላለው ግን ወደ ላይ መውጣቱ ይበልጣል፣ ከዝግባ ተነሥቶ ወደ አደይ መድረስ ሌላ ጉዞ ነው። ጊዜው ከመስቀል ሳምንት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውርጩ መስኩን ይወስደዋል፣ ደኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ።